እኔ ስዞር ግድግዳውም ዞረ

የዚህ ወር ጨዋታችን ስለ ኮምፒውተር ነው። ገጹን ከመግለጣችሁ በፊት ግን ትንሽ ታገሡኝ። ነገሩ ስለ ማሽን ብቻ ቢሆን ኖሮ ለባለሙያዎቹ እተወው ነበር። እኔ የማውቀው ገበያና ደንበኛ ነው፤ የተማርኩትም ቢዝነስ ነው። ይሁንና ባለፈው ዓመት ሦስት ቁልፍ አንድ ላይ መጫኔ መሥሪያ ቤታችንን ገንዘብ፣ እኔን ደግሞ የብዙ ሌሊት እንቅልፍ አሳጥቶናል። ምክንያቱን በኋላ ሳጣራ ያንኑ ነገር የስድስት ዓመት ልጄ ከወራት በፊት ጀምራ ስትነግረኝ እንደነበረ ገባኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ትልቅ ደንበኛ የቀጣዩን ዓመት ሥራ ለእኛ እንዲሰጠን ለማሳመን ሦስት ሳምንት ሙሉ ተዘጋጅተናል። ስብሰባው በእኛው መሥሪያ ቤት የስብሰባ ክፍል ነበር። አለቃዬ ከጎኔ፣ ከደንበኛው ወገን የመጡት አምስት ሰዎች ደግሞ ከፊት ለፊታችን ተቀምጠዋል። ላፕቶፔ ከፕሮጀክተሩ ጋር ተያይዟል። ግድግዳው ላይ የምናቀርበው ስላይድ ይታያል፤ እኔ ፊት ባለው ስክሪን ላይ ደግሞ ማስታወሻዬ አለ።

በኮምፒውተሬ ውስጥ ሁለት ዴስክቶፕ ከፍቼ ነበር። በአንደኛው የስብሰባው ሥራ፣ በሁለተኛው የዕለት ተዕለት ሥራዬ ነበር ያለው። ጠዋት ፕሮጀክተሩን ስንሞክር በሁለተኛው ዴስክቶፕ ላይ ያለውን የዋጋ ሰንጠረዥ ከአንዲት ባልደረባዬ ጋር በደንብ ለማየት ብለን ግድግዳው ላይ አውጥተነው ነበር። ሰንጠረዡ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የምናደርገውን ቅናሽ በስም በስም የያዘ ነው። አይተን ጨረስንና ወደ መጀመሪያው ዴስክቶፕ ተመለስን። ሰንጠረዡ ግን እዚያው እንደተከፈተ ቀረ። ከዓይኔ ስለጠፋ የተዘጋ መሰለኝ።

በስብሰባው መሀል አንዱ እንግዳ ስለ ክፍያ ጊዜ ጠየቁኝ። መልሱ በሁለተኛው ዴስክቶፕ ላይ በጻፍኩት ማስታወሻ ውስጥ ነበር። የእኔ ስክሪን ብቻ ይዞራል፣ ግድግዳው ባለበት ይቆያል ብዬ በልበ ሙሉነት ቁልፎቹን ተጫንኩ። ማስታወሻዬን አገኘሁት። አንብቤ ቀና ስል የሚያየኝ ሰው የለም። አምስቱም ግድግዳውን እያነበቡ ነው።

ለእነሱ ያቀረብንላቸው ቅናሽ 10 በመቶ ነበር። ግድግዳው ላይ፣ ከሌላ ደንበኛችን ስም አጠገብ፣ 18 በመቶ ይላል። ለመመለስ ስጣደፍ ጣቴ ሌላ ቁልፍ ነካ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ሆነና ሰንጠረዡ እዚያው ቆየ። በመጨረሻ ገመዱን ነቀልኩት። ከመካከላቸው በዕድሜ ጠና ያሉት ሰው ረጋ ብለው፣ "እህቴ፣ ያየነውን አላየንም ማለት አንችልም" አሉኝ። አለቃዬ አንድም ቃል አልተናገሩም። ዝምታቸው ከቁጣ በላይ ከበደኝ።

እንግዶቹ እኩል ቅናሽ ጠየቁ፤ ሰጠናቸው። በዚያ ሥራ እናገኛለን ያልነው ትርፍ ተሸራረፈ። ከዚያ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን ስማቸው ግድግዳው ላይ የወጣው ደንበኛ ናቸው። አለቃዬ፣ "ወይ እኛ እንነግራቸዋለን፣ ወይ ገበያው ይነግራቸዋል" አሉ። በማግስቱ ጠዋት ቢሯቸው ድረስ ሄጄ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። "ከሌላ ሰው ሳልሰማ አንቺው መጥተሽ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ" አሉኝ። ውላቸውን ግን እንደወትሮው ለዓመት ሳይሆን ለስድስት ወር ብቻ አደሱ። ቅር አላለኝም፤ በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔም እንደዚያው አደርግ ነበር።

የታናሽ ወንድሜ ሥራ ኮምፒውተር ነው። ቅዳሜ እኛ ቤት ቡና ሲጠጣ ታሪኩን ነገርኩት። እየሳቀ፣ "እንዴ፣ ሁለቱም ስክሪን አብሮ እንደሚዞር አታውቂም ነበር? እዚህ ቤት ሆኖብሽ አያውቅም?" አለኝ። እኔ "አያውቅም" ከማለቴ ልጄ ከምንጣፉ ላይ ቀና ብላ፣ "እኔ ነግሬያታለሁ! ማሚ ስትሄድ የኔንም ይዛብኝ ትሄዳለች" አለች።

እውነቷን ነው። ሳሎን ጥግ ላይ ካለችው ጠረጴዛችን ላይ ላፕቶፔና አንድ ያገለገለ ሞኒተር አሉ። ሞኒተሩን የገዛነው ማታ ማታ እኔ ስሠራ ልጄ አጠገቤ ሆና የፊደል ትምህርቷን እንድታይ ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ነገር ግን እኔ ከኢሜይል ወደ ሪፖርት፣ ከሪፖርት ወደ ኢሜይል ዴስክቶፕ በቀየርኩ ቁጥር የእሷም ፊደል አብሮ ይጠፋል። ድምፁ ይሰማል፣ ምስሉ የለም። "ማሚ፣ ወሰድሽብኝ!" ትላለች። እኔም "ቆይ ትንሽ፣ አሁን እመልስልሻለሁ" እላለሁ። ስንት ምሽት "ቆይ ትንሽ" እንዳልኳት አልቆጠርኩም። በስብሰባው ክፍል ውስጥ ያዋረደኝ ነገር በየምሽቱ ከጎኔ ይነገረኝ ነበር፤ የምትናገረው ልጅ ስለሆነች ብቻ አልሰማሁትም።

አሁን ወደ ማሽኑ እንግባ። ቨርቹዋል ዴስክቶፕ ማለት በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ የሚከፈት ተጨማሪ የሥራ ገበታ ማለት ነው። እንደ ቤት ክፍሎች አስቡት። ምግብ በማድ ቤት፣ እንግዳ በሳሎን፣ እንቅልፍ በመኝታ ቤት ነው። አንዱ ዴስክቶፕ ላይ የመሥሪያ ቤት ሥራ፣ ሌላው ላይ የቤት ወጪ ሒሳብ፣ ሦስተኛው ላይ የልጆች ነገር ይቀመጣል። ከአንዱ ወደ ሌላው ስንሄድ በፊተኛው ላይ የከፈትነው ነገር አይዘጋም፤ እኛ ከክፍሉ ወጣን እንጂ ዕቃው እዚያው አለ።

የክፍል ምሳሌው የእኔ ፈጠራ አይደለም። በካሊፎርኒያ በሚገኘው የዜሮክስ ፓርክ የምርምር ማዕከል ይሠሩ የነበሩት ስቱዋርት ካርድና ኦስቲን ሄንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1986 "ሩምስ" ስለተባለ ሥርዓት ጽፈው ነበር፤ ትርጉሙ "ክፍሎች" ማለት ነው። ሰው ኮምፒውተር ላይ ሲሠራ መስኮቶችን በቡድን በቡድን እንደሚጠቀም አስተዋሉ። ለደብዳቤ እነዚህን፣ ለሒሳብ እነዚያን እንደማለት ነው። ስክሪኑ ጠባብ ስለሆነ ግን ጊዜያችን መስኮት በማንሳትና በመጣል ያልቃል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ክፍል ሰጡት፤ ከክፍል ወደ ክፍል የሚያስገባ በርም አበጁለት። በየሄድንበት ክፍል ሁሉ እንዲከተለን የምንፈልገውን ነገር የምናስቀምጥበትንም "ኪስ" ብለው ሰየሙት። ይህችን የኪስ ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ ትጠቅመናለች።

ስክሪኑ አንድ ሲሆን ነገሩ ቀላል ነው። ሁለት ሲሆን ግን አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ እኔ ወደ ሌላ ክፍል ስሄድ ሁለተኛው ስክሪን ይከተለኛል ወይስ ባለበት ይቀራል? ለዚህ ጥያቄ የኮምፒውተር ሠሪዎች የሰጡት መልስ አንድ ዓይነት አይደለም።

የመጀመሪያው መልስ "ሁሉም አብሮ ይዞራል" የሚል ነው። ዊንዶውስ እንዲህ ነው። ቨርቹዋል ዴስክቶፕ እ.ኤ.አ. በ2015 ከዊንዶውስ 10 ጋር ለተጠቃሚው በይፋ ሲቀርብም ሆነ ዛሬ በዊንዶውስ 11፣ ዴስክቶፕ ሲቀየር የተገናኙት ስክሪኖች በሙሉ ይቀየራሉ። ፕሮጀክተርም ለኮምፒውተሩ አንድ ስክሪን ነው። ይህን የሚወዱት ሰዎች አሉ። ሁለቱንም ስክሪን ለአንድ ሥራ የሚያውል ሰው፣ ለምሳሌ በአንዱ ደረሰኝ በሌላው መዝገብ የሚያይ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ሁለቱም አንድ ላይ ቢዞሩለት ይመቸዋል።

ሁለተኛው መልስ "እያንዳንዱ ስክሪን የራሱ ክፍሎች አሉት" የሚል ነው። ማክ ኮምፒውተሮች ይህን ይከተላሉ። አፕል "ስፔስስ" ያለውን ይህን አሠራር ያመጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ነበር፤ ያኔ ግን ስክሪኖቹ የሚዞሩት አንድ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው የማክ ሥርዓት ደግሞ አንድ ፕሮግራም ሙሉ ስክሪን ሲሞላ ሁለተኛው ስክሪን ግራጫ ጨርቅ የለበሰ መስሎ ሥራ ፈትቶ ይቀመጥ ነበር፤ ብዙ ሰው አማርሯል። እ.ኤ.አ. በ2013 "ማቭሪክስ" የተባለው ሥርዓት ሲወጣ ስክሪኖቹ ተለያዩ። አሁን በአንዱ ላይ ክፍል ስንቀይር ሌላው አይነቃነቅም። በሊኑክስ ላይ "አይ ስሪ" እና "ስዌይ" የሚባሉት የመስኮት አስተዳዳሪዎችም ስክሪኖቹን ለየብቻ ነው የሚይዟቸው።

ሦስተኛው መልስ "ዋናው ይዞራል፣ ሁለተኛው ባለበት ይቆያል" ነው። ኡቡንቱ የሚጠቀምበት "ግኖም" የተባለው የሊኑክስ ዴስክቶፕ በተለምዶ እንዲህ ይሠራል። የሚፈልግ ሰው በማስተካከያው ውስጥ "መልቲታስኪንግ" በሚለው ሥር ገብቶ ሁሉም አብሮ እንዲዞር ማድረግ ይችላል።

ታዲያ ቤታችሁ ያለው ዊንዶውስ ከሆነ ምን ታደርጋላችሁ? እንደ ማክ እያንዳንዱን ስክሪን ለብቻው ማዞር የሚያስችል ማስተካከያ በውስጡ የለም። ሁለተኛውን ስክሪን ባለበት ማቆም ግን ይቻላል። ኪሷን ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዛችሁ "ታብ" የሚለውን ተጫኑ። የተከፈቱት መስኮቶች ሁሉ አነስ አነስ ብለው ይታያሉ። እንዲቆይ በምትፈልጉት ላይ በማውሱ የቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ "ሾው ዚስ ዊንዶው ኦን ኦል ዴስክቶፕስ" የሚለውን ምረጡ። ይህ መስኮት በሁሉም ዴስክቶፕ ላይ ይታይ ማለት ነው። በሁለተኛው ስክሪን ላይ ያሉትን መስኮቶች በሙሉ እንዲህ ካደረጋችኋቸው፣ እናንተ የፈለጋችሁትን ያህል ብትዞሩ እነሱ ከቦታቸው አይሄዱም። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ከተነሳ ግን ፕሮግራሙን እንደገና ከፍታችሁ መልሳችሁ ማጣራት አለባችሁ። መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ለምትኖሩ ይህን ማሳሰብ ግድ ነው።

አዲስ ዴስክቶፕ ለመክፈት የዊንዶውስ ቁልፉን፣ "ኮንትሮል" እና "ዲ"ን አንድ ላይ መጫን ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ የዊንዶውስ ቁልፉን፣ "ኮንትሮል"ን እና የቀኝ ወይም የግራ ቀስቱን። እኔን ጉድ የሠሩኝ ሦስት ቁልፎች እነዚህ ናቸው። በዊንዶውስ 11 ለእያንዳንዱ ዴስክቶፕ ስም መስጠትና የተለያየ የጀርባ ሥዕል ማድረግ ይቻላል። እኔ የሥራውን ሰማያዊ፣ የቤቱን ደግሞ የልጄን ፎቶ አድርጌዋለሁ። የት እንዳለሁ ለማወቅ ማንበብ አያስፈልገኝም።

ማክ ያላችሁ ደግሞ በማስተካከያው ውስጥ "ዴስክቶፕ ኤንድ ዶክ" ከሚለው ገብታችሁ፣ "ሚሽን ኮንትሮል" በሚለው ክፍል "ዲስፕሌይስ ሃቭ ሴፓሬት ስፔስስ" የሚለውን ተመልከቱ። ብዙውን ጊዜ በርቶ ነው የሚገኘው። ከቀየራችሁት ከአካውንታችሁ ወጥታችሁ መመለስ ይኖርባችኋል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ስክሪኖቹ ሲለያዩ አንዱን ሰፊ ሰንጠረዥ ለሁለቱም ስክሪን ዘርግቶ ማየት አይቻልም። በኪቦርድ ክፍል ስትቀይሩም የሚዞረው የማውሱ ጠቋሚ ያለበት ስክሪን ነው። ጠቋሚያችሁ ሳታስቡት ልጃችሁ የምታየው ስክሪን ላይ ከሆነ "ወሰድሽብኝ!" የሚለው ጩኸት ይመለሳል።

ከደረሰብኝ ነገር በኋላ ለራሴ ያወጣኋቸው ጥቂት ሕጎች አሉ፤ ከጠቀሟችሁ ውሰዷቸው። አንደኛ፣ ሰው እንዲያየው የማልፈልገውን ነገር እዘጋለሁ እንጂ አልደብቅም። ሌላ ዴስክቶፕ መጋረጃ ነው እንጂ ቁልፍ አይደለም። ሁለተኛ፣ እንግዳ ከመግባቱ በፊት ዴስክቶፕ እየቀየርኩ እሞክራለሁ፤ ስሞክርም የምመለከተው የራሴን ስክሪን ሳይሆን ግድግዳውን ነው። ሦስተኛ፣ ስብሰባው በኢንተርኔት ሲሆን ሙሉ ስክሪኔን ከማጋራት ይልቅ አንዱን መስኮት ብቻ አጋራለሁ። አራተኛ፣ የመልእክት ማስታወቂያዎችን አጠፋለሁ። ቴሌግራም የትኛው ክፍል ውስጥ እንዳላችሁ አይጠይቅም፤ የአክስታችሁ መልእክት በስብሰባው መሀል ብቅ ሊል ይችላል።

አምስተኛው ለወላጆች ነው። ልጅ በእናንተ ኮምፒውተር ብቻዋን የምትቀመጥ ከሆነ ለእሷ ተብሎ በተከፈተ ዴስክቶፕ አትተማመኑ። ሁለት ቁልፍ ነክታ የመሥሪያ ቤታችሁ ፋይል ላይ ትገኛለች። የራሷ የይለፍ ቃል ያለው የተለየ አካውንት ክፈቱላት። ዴስክቶፕ የአንድ ሰውን ሥራ በክፍል በክፍል ለመለየት ነው፤ አካውንት ደግሞ ሰውን ከሰው ለመለየት። ሁለቱ አይምታቱባችሁ።

ብዙ ዴስክቶፕ መክፈት ኮምፒውተሩን ያዘገየዋል ወይ ብላችሁ ለምትጠይቁ፣ ዴስክቶፑ ራሱ ይህን ያህል ሸክም አይደለም። የሚከብደው በየክፍሉ ከፍታችሁ የረሳችኋቸው ፕሮግራሞች ብዛት ነው። የማይጠፋ አምፖል ክፍሉን አይጎዳውም፣ ቆጣሪውን ግን ያስሮጣል። ሦስት ዴስክቶፕ ለአብዛኛው ቤተሰብ ይበቃል። እኔ በአንድ ወቅት ሰባት ከፍቼ የጠፋብኝን ደብዳቤ ፍለጋ ከክፍል ክፍል ስዞር ውያለሁ።

እኛ ቤት አሁን ነገሩ እንዴት ሆነ? ወንድሜ ያን ቅዳሜ ቡናው ሁለተኛ ሳይደርስ የልጄን የፊደል መስኮት በሁሉም ዴስክቶፕ ላይ ሰካልን። ልጄ ለመፈተን ብላ፣ "ማሚ፣ እስቲ ሂጂ" አለችኝ። ሄድኩ። ፊደሉ ባለበት ቆየ። "ተመለሺ" አለች። ተመለስኩ። አሁንም አለ። ሦስት ጊዜ አስደጋገመችኝና አምና ወደ "ሐ" ተመለሰች።

አንድ ነገር ግን ሳልደብቅ ልንገራችሁ። መስኮቱ መጥፋቱን ካቆመ በኋላ እሷ "ወሰድሽብኝ" ብላ ስለማትጠራኝ እኔም ከሥራዬ ቀና የምልበት ምክንያት አነሰ። አንድ ምሽት ለአንድ ሰዓት ተኩል ሳላያት ሠርቼ ዘወር ስል ትምህርቷ አልቆ፣ ስክሪኑ ባዶ ሆኖ፣ እጇን ተንተርሳ ተኝታለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ባለቤቴ ባወጣው ሕግ እንመራለን። የእሷ ትምህርት ሲያልቅ የእኔም ላፕቶፕ ይዘጋል፤ ሪፖርቱ ያላለቀ እንደሆነ እሷ ከተኛች በኋላ ይቀጥላል። ልጄ ሕጉን ከሁላችንም በላይ ታስከብራለች። የመጨረሻው ፊደል ሲነበብ ድምጿን ከፍ አድርጋ ትደግመውና እጇን ላፕቶፔ ክዳን ላይ ታሳርፋለች።

ያ ደንበኛስ? ስድስት ወሩ ሲያልቅ ለውይይት እኛው መሥሪያ ቤት መጡ። ያኔ ታሪኩን ከነመፍትሔው አጫወትኳቸው። ከመጀመራችን በፊት፣ "እስቲ መጀመሪያ ግድግዳውን አሳዪኝ" ብለው ቀለዱብኝ። አሳየኋቸው። በእሳቸው ስም የተዘጋጀው ስላይድ ብቻ ነበር። ውሉን ለዓመት ፈረሙ።

እናንተም ዛሬ ማታ ሁለተኛ ስክሪን ወይም ቴሌቪዥን ከኮምፒውተራችሁ ጋር ካገናኛችሁ ዴስክቶፕ ቀይራችሁ ሞክሩት። የእናንተ ኮምፒውተር ከሦስቱ መልሶች የትኛውን እንደሚሰጥ በቤታችሁ እወቁት፤ እንደ እኔ በሰው ፊት አትማሩት። ልጃችሁም አጠገባችሁ ሆና ስለ ኮምፒውተሩ አንድ ነገር ከነገረቻችሁ፣ "ቆይ ትንሽ" ከማለታችሁ በፊት ስሟት።

የወር ሰው ይበለን። ቸር እንሰንብት።